እናቲቱ ለቅሶ ሄዳለች

«አንቺ ተቀመጪላት፤ ራሒማ ባትታይ ነው የሚሻለው» አለ አብዱልሰላም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝቅ ማድረጉ ምን ሊጠቅመው! እሱና እህቱ ሰሀር ከሱብሒ ሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ በጠፍር አልጋው፣ በአንግሬቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከጀርባቸው ያለው መስኮት ደግሞ መዝጊያው ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል፣ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሚስቱ ራሒማ ቶቧን፣ ገላዋን የምትጠቀልልበትን ረዥም ጨርቅ፣ ልትለብስ ጫፉን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰሀር ወዲያው እሺ አላለችም፣ ለወጉ ትንሽ አቅማማች። «እሷስ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀች። «ለልጇ ስትል እሺ ትላለች» አላት ወንድሟ። ራሒማ ይህን ስትሰማ ሆድ ባሳት። የባሳት አለመታየቷ ብቻ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት የኖረ ባሏ ነገሩን ከእህቱ ጋር ጨርሶ ለእሷ መርዶ ሊያረዳ መዘጋጀቱ ነው ያንገበገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከከሰላ እንግዶች ይመጣሉ። ሐጃ መስቱራ የሚባሉ፣ አባታቸው ከጎንደር ወጥቶ ከሰላ ሱቅ የከፈተ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። ሙዳሲር የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ጅዳ ውስጥ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ለእሱ ሪሃብን ሊያዩ ነው የሚመጡት። ሪሃብ የአብዱልሰላምና የራሒማ አንድ ልጅ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ወድ መደኒ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንድ ዓመት እንደተማረች ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ እቤት ተቀምጣ ስልክ ስታይ ትውላለች፤ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ያጓራ እንደሆነ ደግሞ አንግሬብ ሥር ትገባለች። ይህ ጋብቻ ከተሳካ በፖርት ሱዳን በኩል በአውሮፕላን ጅዳ ትሄዳለች። ካልተሳካ እዚሁ ናት። ራሒማ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሌሊት ሌሊት ተነስታ ዱዓ የምታደርገውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ልጅ ሊያይ የመጣ ሰው ልጅቷን ብቻ አያይም። ልጅቷማ ሻይ አቅርባ፣ ዓይኗን ሰብራ ትወጣለች፤ በእሷ ላይ ምን ይነበባል? የሚነበበው እናቲቱ ላይ ነው። ሴቶቹ ከእናቲቱ ፊት ለፊት ይቀመጡና ጥርሷን፣ ቆዳዋን፣ ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ እንደሆነ ሁሉ ያያሉ፤ ልጃቸው ከሃያ ዓመት በኋላ ከማን ጋር እንደሚኖር ማወቅ ይፈልጋሉ። ራሒማም ራሷ እንዲህ ታይታ ነው የተዳረችው፣ እሷም ለሌሎች ስትሸመግል እንዲህ አድርጋ ስታይ ኖራለች። አሁን ግን ፊቷ ጉድ ሠራት።

ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ስኳሯ አልወርድ ብሎ እግሯ እሳት እየሆነባት፣ ዓይኗም ጭጋግ እየለበሰ ሲሄድ፣ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ሐኪም በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የምትወጋ መርፌ አዘዘላት። እነሱ ባሉበት ገዳሪፍ ከተማ አትገኝምና ወንድሟ ከሪያድ በመንገደኛ እጅ፣ በበረዶ ዕቃ እያደረገ ይልክላታል። መርፌዋ ስኳሯን አወረደችው፤ ከስኳሯም ጋር ራሒማን አወረደቻት። ምግብ ሲሸታት ያስመልሳት ጀመር፣ ሦስት ጉርሻ ከጎረሰች ቀኑን ሙሉ ጠግባ ትውላለች። ዘጠና ኪሎ የነበረችው ሴትዮ ስልሳ ገባች። እግሯ ማቃጠሉን ተወ፤ ክር ከመርፌ ቀዳዳ ራሷ ታስገባ ጀመር። ሐኪሙ የደሟን ወረቀት አይቶ «ከኔ ትሻያለሽ» አላት። ፊቷ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ሙሉ የነበረው ጉንጯ ሰርጉዶ ቆዳው ወደ ታች ወረደ፤ ዓይኖቿ ጎድጉደው ከሥራቸው ጥቁር ሆነ፤ ከአፏ ግራና ቀኝ ሁለት ጥልቅ መስመር እስከ አገጯ ተሰመረ፤ አንገቷ ላይ ቆዳው እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ስድሳ ነኝ ብትል የሚከራከራት የለም።

ገዳሪፍ ደግሞ ከስተው የሚያምሩበት አገር አይደለም። እዚህ ሙሽራ ለሠርጓ እንድትወፍር ክኒን ከሽቶ ሱቅ በፍሬ ይሸጥላታል። ለመክሳት ከባሕር ማዶ መርፌ ይመጣል ብለህ ብትናገር ማን ይሰማሃል? በዚህ አገር ሰው እንዲህ የሚረግፈው በካላዛር ነው፣ በሳንባ ነው፣ አለዚያም በዚያ ስሙን በማይጠሩት በሽታ ነው። ከአራት ወር በፊት ከመፋዛ ለሪሃብ ሰዎች መጥተው ነበር። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፣ ሲበሉም ሲጠጡም ዓይናቸው ራሒማ ላይ ነበር። በሳምንቱ «ልጅቷስ መልካም ነበረች፣ የእናቲቱ ነገር ግን…» ብለው ላኩ። ነገሩን እነሱ አልጨረሱትም፤ የገዳሪፍ ሴቶች ጨረሱላቸው። አብዱልሰላም ሱቁ ለመጣ ሁሉ «ስኳር ነው፣ ወላሂ ስኳር ነው» ሲል ከረመ፣ ይህም ባሰበት፤ ስኳር በደም ነው የሚወረሰው፣ ለልጅቷም አይቀርላት ተባለ።

ሰሀርም ያቅሟን ሞክራለች፣ አትታማም። ኮከብ የታተመባትን፣ ሴቶቹ አቡ ነጅማ የሚሏትን የማወፈሪያ ክኒን አሥራ ሁለት ፍሬ ገዝታ አመጣችላት። ራሒማ ሲቸግራት አምስት ቀን ዋጠችው። በእርግጥም ጉንጯ መነፋት ጀምሮ ነበር፤ በስድስተኛው ቀን ግን ስኳሯ ከአራት መቶ በላይ ወጥቶ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ያልሆነ ውሃ ተሰቅሎላት አደረች። ሐኪሙ የተረፉትን ክኒኖች ከእጇ ነጥቆ ቆሻሻ ውስጥ ጣላቸው፤ ሁለተኛ እነዚህን ብትነኪ ለሞትሽ እኔን እንዳትጠይቂኝ አላት። ሰሀር ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ ይሞላልሽ ነበር» ትላለች።

ራሒማ ቶቧን ለብሳ ወደ ግቢው ወጣች። አብዱልሰላም የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቀና ብሎ አያት፣ መልሶ ዝቅ አለ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። የት ሄደች ልትሉ ነው?»

«ለቅሶ። ለለቅሶ ድንበር ተሻግራ ሸሂዲ ሄዳ መንገዱ ተዘጋባት እንላለን። መንገዱማ እውነትም ዝግ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም።»

«የማን ለቅሶ?»

«የአጎትሽ።»

አጎቷ ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው። አብዱልሰላም አስቦበታል፤ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ቢል ሟርት እንዳይሆንበት ፈርቶ የሞተ ሰው መርጧል። «ለኒካው ቀን አንቺው ትቆሚያለሽ» አላት። «እስከዚያ ሐኪሙን ጠይቀን መርፌዋን ታቆሚያለሽ፣ ፊትሽም ይመለሳል። እነሱ እንደሆኑ አያውቁሽም። ዛሬን ብቻ ከቤት ራቂ፤ አንዷ ወዳጅሽ ጋ ዋዪ።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። ሪሃብ ጸጉሯን በግማሽ ተሠርታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሁሉንም ሰምታለች። ራሒማ ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ ማበጠሪያውን እያገላበጠች «ዩማ፣ ለአንድ ቀን ነው» አለች እናቷን። ራሒማ ምግቡን ማን ሊሠራው ነው ብላ ጠየቀች። የሰሀርን ወጥ የቀመሰ እንግዳ ላለመመለስ ሌላ ሰበብ አያስፈልገውምና፣ ራሒማ ሠርታ ጨርሳ ከዓስር ሶላት በፊት ትወጣለች ተብሎ ተስማሙ።

በራክሻ ባጃጅ ገበያ ወጣች። ሥጋው ኪሎው ሃያ አምስት ሺህ ጊኔ ገብቷል፣ ከኢድ ወዲህ ስድስት ሺህ ጨምሯል፤ ሽንኩርቱም ቢሆን እንደ ዕንቁላል በቁጥር ሊሸጥ ምንም አልቀረው። ሰሊጥ የሚሸጡት ነጋዴዎች ሱቅ በር ላይ ድሮ በአንድ ግቢ ተከራይታ አብራት የኖረች ጎረቤቷን አየቻትና ሰላም ልትላት እጇን አነሳች፤ ሴትዮዋ የማታውቃት ለማኝ መስላት ፈጠን ብላ አለፈቻት። ራሒማ ያነሳችውን እጅ ቶቧን ለማስተካከል ያነሳች አስመሰለች። ሥጋ ሻጩ ግን ያውቃታል። ሦስት ኪሎ መዘነላትና፣ ትንሽ ቆረጥ አድርጎ ጉበት በወረቀት ጠቅልሎ ደረበላት። «ይህቺ ለደም ትሆንሻለች፣ አላህ ይሽፊኪ» አላት፣ አላህ ያድንሽ ማለቱ ነው። አልታመምኩም ልትለው ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ አልታመምኩም ስትል ከርማ ሰልችቷታል፤ አሚን ብላ ጉበቱን ተቀበለች። በሆዷ ግን ወላሂ ጉበቱን አናቱ ላይ ብትፈጠፍጥበት ደስ ይላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ለተኪዳን ቀድማ ገብታ ድስት ታጥባለች። ለተኪዳን ከትግራይ የመጣች፣ ኡም ራኩባ ካምፕ የምትኖር ሴት ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን በጭነት መኪና ከተማ ገብታ ልብስና ዕቃ ታጥባለች። ራሒማን መጀመሪያ ያየቻት ቀን እጇን ጨብጣ ሳትለቅ «ማን ሞተብሽ?» ነበር ያለቻት። በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ያለ ፊት ስታይ ኖራለችና ሌላ አልመጣላትም። ለመክሳት የሚወጉት መርፌ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ ሳቋ አላቆም ብሏት መሬት ቁጭ አለች። «እኛ አገር በነጻ ነበር'ኮ የሚገኘው፣ እትዬ ራሒማ» አለቻት። ራሒማ በዚያ ቀን ብዙ ወር ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጓዳ ሲገቡ ልባቸው ቀለል ይላል። ዛሬ ግን ቀለል አላለም። አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሌላዋ ሩዙን ስታንጠፈጥፍ፣ ሥጋውን ስታገላብጥ፣ የከርከዴውን አበባ ዘፍዝፋ ስኳር ስትበጠብጥ እስከ ቀትሩ ሶላት፣ እስከ ዙህር ቆዩ። ራሒማ አንድም ነገር አልቀመሰችም፤ ጨው የሚቀመሰው በለተኪዳን ምላስ ነው።

«እትዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል። አትሄጂም?» አለቻት ለተኪዳን።

መሄድ ትችል ነበር። ወጡ ወርዷል፣ ሩዙ ተከድኗል፣ ወዳጇም ቤት ከሦስት ቤት ወዲያ ነው። ግን እግሯ አልሄድ አላት። ሃያ አንድ ዓመት ያሳደገችውን ልጅ የሚወስዱት ሰዎች ድምፃቸው እንኳ ምን እንደሚመስል ሳትሰማ ሰው ቤት ተቀምጣ መዋሉን አንጀቷ እንቢ አለ። ድምፃቸውን ልስማ፣ ከዚያ እወጣለሁ አለች። ድስት ፈገፈገች፣ የፈገፈገችውን መልሳ ፈገፈገች። በሩ ሲንኳኳ አሮጌ ቶቧን ለብሳ፣ እስከ ክርኗ በጥላሸት ተጨማልቃ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ግቢው መውጫው አንድ ነው፣ እሱም በእንግዶቹ ተይዟል።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። ሐጃ መስቱራ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ በመቋሚያ የሚሄዱ ግን መቋሚያው የማያስፈልጋቸው ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጋር አንዲት ዘመዳቸውና አንድ ሽማግሌ አሉ። ሰሀር በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። ሰሀር የለበሰችው የራሒማን ቶብ ነው። ሪሃብ የተወለደች ጊዜ አብዱልሰላም ተበድሮ የገዛላት፣ በሳጥን ውስጥ በሰንደል ታጥኖ የሚኖር ወይን ጠጅ ቶብ ነው። ማን ልበሺ አላት? ሳጥኑንስ ማን ከፈተላት? ቁልፉ ያለው ሪሃብ ጋ ነው። ሰሀር በሞላ ጉንጯ፣ ራሒማ ሃያ ዓመት እንግዳ ስትቀበልበት የኖረችበት ወንበር ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ቶቡም ለክፋቱ አምሮባታል።

ጨዋታው ወግ ያለው ነበር። ስለ መንገዱ ኬላ ብዛት ተወራ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ተወራ፣ ከሰላ ውስጥ የቤት ኪራይ በተፈናቃይ ብዛት ሦስት እጥፍ መድረሱ ተወራ። ሪሃብ ከርከዴውን ይዛ ገብታ ወጣች። ሐጃ መስቱራ ስለ እናቲቱ ለቅሶ ሲያዝኑ፣ አብዱልሰላም «ምን ይደረግ፣ የአላህ ሥራ ነው» ሲል ትሰማለች። እህቴ ናት፣ ለልጅቷም እንደ እናት ናት ብሎ ሰሀርን አስተዋወቀ። ሰሀርም እሷ ራሷ አምጣ የወለደቻት ይመስል ስለ ሪሃብ ሕፃንነት ታወራ ጀመር፤ ኩፍኝ ይዟት አርባ ቀን አቅፋት እንዳደረች ሳይቀር ተናገረች። አቅፋ ያደረችው ራሒማ ናት፤ ሰሀር ያን ዓመት ገላባት ነበረች።

የዓስር አዛን ሲሰማ ሐጃ መስቱራ ዉዱእ ለማድረግ ውሃ ጠየቁ። የውሃው በርሜል ከጓዳው አጠገብ ነው። ሰሀር ውሃውን አመጣለሁ ብላ እየተጣደፈች ስትነሳ እሳቸው «አይ ልጄ፣ እኔ እንግዳ ነኝ እንጂ ሽባ አይደለሁም» ብለው መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ። ራሒማ የምትገባበት አጣች። ሐጃ መስቱራ መጋረጃውን ገልጠው ጓዳው በር ላይ ቆሙ፤ በመጀመሪያ ለተኪዳንን አዩ፣ ቀጥለው ራሒማን አዩ፣ ዓይናቸውም እዚያው ቀረ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ» አሏት። እሳቸው ሰባ ሊሞላቸው ነው።

«ወአለይኩም ሰላም ሐጃ። ውሃ ልቅዳልዎት።»

«የወዴት ሰው ነሽ?»

«ከወዲያ ነኝ፣ ከመተማ በኩል።»

«እዚህ ቤት ስትሠሪ ብዙ ጊዜ ሆነሽ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ።»

ሐጃ መስቱራ ወደ ግቢው ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን አወረዱ። «እንግዲያ ካንቺ የሚሰወር የለም። እህቴ፣ ከሰላ ድረስ ወሬ መጥቶብኛል። የልጅቷ እናት ሳንባዋን ታማ አልቃለች፣ ሰውም እንዳያያት ይደብቋታል አሉኝ። ዛሬም ስመጣ ለቅሶ ሄደች ይሉኛል። ልጅቷን ወድጃታለሁ፣ ዓይኗ ላይ ሐያእ፣ ዓይነ አፋርነት አለ። ግን ያለኝ አንድ ልጅ ነው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እናቷ ጤነኛ ናት?»

ራሒማ እናቷስ እኔው ነኝ፣ ሳንባዬም ያውና እዩት ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሐጃ መስቱራ ፊት የክፉ ሰው ፊት አይደለም፣ ምናልባት ያምኗት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ውሃውን ትተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሳይቀመጡ ይሄዳሉ፤ ሪሃብም እንደገና አንግሬብ ሥር። ራሒማ አላህን ፈርታ፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ወላሂል ዓዚም፣ ሳንባዋ ደህና ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አንዳችም በሽታ የለባትም። የራሴን ገላ የማውቀውን ያህል አውቃታለሁ፣ ሐጃ። ከዚህ የበለጠ መሐላ የለኝም።»

አሮጊቷ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ከሸክም አሳረፍሽኝ፣ አላህ ያሳርፍሽ።» ውሃውን ተቀብለው ሊወጡ ካሉ በኋላ ግን መለስ ብለው እንደገና አዩዋት፤ የቶባቸውን ጫፍ አንስተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፣ በስድብ አይደለም፣ እንደ ጠንቃቃ ሰው። «አንቺስ እህቴ? ሌሊት ያልብሻል? ታስያለሽ? ታናሽ እህቴ ልክ እንዲህ ሆና ነው ከእጄ ያመለጠችኝ። ይህን ፊት መቼም አልስተውም።»

«ደህና ነኝ ሐጃ።»

«እሷም ደህና ነኝ ትል ነበር።»

ያን ጊዜ ሪሃብ ባዶ ብርጭቆዎቹን በዝርግ ትሪ ይዛ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሐጃ መስቱራ ትከሻዋን ያዙት፣ እንደራሳቸው ልጅ ሳብ አድርገውም ከራሒማ ትንሽ አራቋት። «ልጄ፣ ቤታችሁ ገብቼ ባዝ አትቀየሚኝ። ይህች ሴት ደግ ሴት ናት፣ ግን ታማለች። የምትበሉትን የምትሠራው እሷ ናት፣ አንቺም ከእሷ ጋር ጓዳ ትውያለሽ። ከዚህ በኋላ የኔም ልጅ ነሽና ነው የምናገረው። ሐኪም ቤት አሳዩዋትና አሰናብቷት። ትሰሚኛለሽ?»

ለተኪዳን «ኧረ እሷኮ…» ብላ ጀመረች። ራሒማ እግሯን ረገጠቻት። ከዚያ ሁሉም ሪሃብን ጠበቁ። ራሒማም ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ ራሷም አላወቀችም። ልጅቷ እውነቱን ብታወጣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፣ ራሒማ የማለችውም ለከንቱ ይሆናል፤ እንዲያም ሆኖ ከልቧ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እናቴ ናት እንድትልላት የምትለምን ነገር ነበረች። ሪሃብ አንዴ እናቷን አየቻት። ትሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሐዲር ሐጃ» አለች፣ በዓረብኛ እሺታዋን ስትሰጥ። «እናሰናብታታለን።»

ከሶላቱ በኋላ ፋቲሃ ተቀራ። ራሒማ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከውስጥ የሚሰማውን ድምፅ እየተከተለች፣ በጥላሸት የጠቆሩ እጆቿን ዘርግታ እሷም ቀራች። አሚን ሲባል ፊቷን አበሰች። እልልታውን ሰሀር አቀለጠችው። ከእልልታው በኋላ ነገሩ ሁሉ በፍጥነት ተበጀ፤ ኒካው ከሁለት ጁሙዓ በኋላ ከሰላ፣ ሐጃ መስቱራ ቤት፣ ሙዳሲር በወኪል፤ ከዚያ ሪሃብ በቀጥታ ወደ ፖርት ሱዳን። የእናቲቱ መንገድ ከተከፈተ ትመጣለች፣ ካልተከፈተም ሰሀር እናት ናት አሉ ሐጃ መስቱራ። ሰሀርም ኢንሻአላህ አለች። ራሒማ ይህን ስትሰማ ነው ያደረገችው ነገር የገባት። ጠዋት እንደተነገራት ወጥታ ሄዳ ቢሆን ኖሮ በኒካው ቀን ከለቅሶ የተመለሰች እናት ሆና ትቆም ነበር። አሁን ግን ታይታለች። ሐጃ መስቱራ ፊቷን አይስቱትም። ወደ ከሰላ ብትሄድ፣ ከዓመት በኋላ ጅዳም ብትሄድ፣ ሪሃብ ስትወልድ ለአራስነት ብትጠራም፣ በዚያ ቤት እሷ የተሰናበተችው ሠራተኛ ናት።

እንግዶቹ መግሪብ ሳይደርስባቸው ሄዱ። ለተኪዳንም የጭነት መኪናዋ እንዳያመልጣት የራሒማን ጉንጭ ሳም ሳም አድርጋ ወጣች። ሰሀር ቶቡን አውልቃ አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ሌላ ጊዜ ምላሷ አያርፍም፣ አሁን ግን ለቅሶ ቤት እንደዋለች ሴት ጫማዋን አንጠልጥላ ሹልክ አለች። አብዱልሰላም ደስታው ፊቱ ላይ እያበራ ጓዳ ገባና የድስቱን ክዳን እያነሳ «አለቀኮ ራሒማ፣ በአንድ ቀን አለቀ» አለ። ከዚያ ቶቧን አየ፣ ክንዷን አየ።

«እዚህ ነበርሽ?»

«እዚህ ነበርኩ።»

«አይተውሻል?»

«አይተውኛል።»

ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰው። ግቢው ውስጥ ያለው አንግሬብ ላይ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ እንኳ ወዲያው አልተነሳም።

ሪሃብ እስኪጨላልም ድረስ ክፍሏን ዘግታ ቆየችና ወደ ጓዳ መጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ስልኳን በእጇ ይዛለች። ራሒማ የሩዙን ድስት የተጣበቀበትን እየፋቀች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ዩማ» አለች ልጅቷ። «ለሙዳሲር ልደውልለት ነው። ጓዳ ውስጥ የታየችው እናቴ ናት እለዋለሁ። ከፈለገ ይተወኝ። እንዴት እንዲያ አልኩ? ከአፌ እንዴት ወጣ?»

ራሒማ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ተነሳች። የልጅቷን ጸጉር ከግንባሯ ላይ መለሰችላት፤ ጠዋት በግማሽ የቀረው ሹሩባ ጥሩ ሆኖ አልቋል፣ ማን እንደጨረሰላት አላወቀችም።

«ስልኩን አስቀምጪው» አለቻት። «ደግ አደረግሽ። ሌላ ብትመልሺላቸው ኖሮ ነበር የምቀየምሽ።»

ቀኑን ሙሉ አልዋሸችም ነበር፤ ለሐጃ መስቱራ የተናገረችውም የማለችውም ሁሉ እውነት ነው። ይህን ግን ዋሸች። ሪሃብ እናቷን ዓይን ዓይኗን አየቻትና አመነቻት፤ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።